የቀኙ የኋላ በር

መስከረም 9 ቀን 2017

ማናልሞሽ ከሱቋ አንድ ደብተር አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችልኝ። "የምታጉረመርመውን ሁሉ እዚህ ላይ አጉረምርም፤ የኔን ጆሮ ተወው" አለች። ያን ሁሉ ዘመን ችላ ዛሬ ነው የሰለቻት። ጥሩ። ደብተር አይገላመጥም፣ መልስም አይሰጥም። ከሚስት ይሻላል።

የማጉረመርመው ስለ አሕመዲን መኪና ነው። ፔጆ 404፣ ነፍሳቸውን ይማርና አባቱ በጃንሆይ ጊዜ ቡና ሲነግዱ የነዱት። ቴፒ አንድ መጋዘን ውስጥ ዶሮ ሲያድርበት ኖሮ ዓምና በጭነት መኪና ተጭኖ ወደኔ ጋራዥ ወደ ሚዛን መጣ። አሕመዲንና እኔ አንድ ክፍል ነው የተማርነው። እሱ ቡና ነጋዴ ሆነ፣ እኔ ባትላሜራ ሆኜ ቆርቆሮ ስቀጠቅጥ አረጀሁ። የበሰበሰውን ቆርጬ በየድኩ፣ ወለሉን ቀየርኩ፣ ጋራዡ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራው ሀይደር ቀለም ቀባው። አሁን እንደ ቅቤ ሆኖ ቆሟል። የቀረው በሮቹን መግጠም ነው። የአሕመዲን ልጅ የሱሀይላ ሠርግ ኅዳር 22 ነው፤ ሙሽራዋ በአያቷ መኪና ትሄዳለች ተብሎ ዘመድ ሁሉ ሰምቷል።

በር መግጠም ለማያውቀው ሰው ሁለት ማጠፊያና ጥቂት ብሎን ነው። ለኔ ግን በር ማለት ዙሪያውን ያለው ክፍተት ነው። ከላይም ከታችም እኩል መሆን አለበት፤ ካልሆነ ቀለሙ የፈለገውን ያህል ቢያምር መኪናው የተጋጨ ይመስላል። ክፍተቱን የማየው በጣቴ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ጣቴን ክፍተቱ ላይ እስከ ታች እስባለሁ፤ የጠበበውንም የሰፋውንም ጣቴ ይነግረኛል። ሀይደርንም እንዲሁ ነው ያስተማርኩት።

ዛሬ የፊት ግራውን ሰቀልኩ። ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። በዚህ ዝናብ መሐል እኔ ውኃ ሲጠማኝ ዋልኩ።

መስከረም 14

የፊት ግራው እንዳልሆነ ሆነ። ጣቴ ልክ ነው አለ፤ ሀይደር ከታች ሰፍቷል አለ። በማስመሪያ ለካነው። ሰፍቷል። የብየዳ ጠባሳ የጣቴን ቆዳ አወፍሮት ነው። ሀይደር ከማስመሪያው ቀና ብሎ ጣቴን አየ፤ አስተያየቱ አልተመቸኝም።

መስከረም 17፣ መስቀል

ቤት ዋልኩ። ማናልሞሽ እየበላን "ሌሊት ስንት ጊዜ ነው የምትነሳው?" አለችኝ።

"ዝናቡ ነው። ውኃ ሲወርድ የሰማ ሰው ሽንቱ ይመጣል።"

"ቀበቶህስ? ሁለት ቀዳዳ አልጨመርክበትም?"

"ሥራ ነው የሚያከሳኝ።"

"አባትህም እንዲህ ነበር የጀመራቸው" አለች። ከዚያ በኋላ የበላሁት አልጣመኝም።

አባቴ ፖሊስ ነበር፤ ከማጂ ሚዛን በእግሩ ሲመላለስ የኖረ ሰው። ስኳር ያዘውና በገዛ እግሩ ሄዶ ሆስፒታል ገባ። መጀመሪያ ጣት ብቻ ነው አሉ። ቀጥሎ እግር አሉ። ከዚያ እኛ ሳጥን ይዘን ሄድን። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ለጉንፋን እንኳ የሆስፒታል ደጅ ረግጬ አላውቅም። ማናልሞሽ ተመርመር ተመርመር ትላለች፤ ሲመረምሩህ እኮ ነው የሚያገኙብህ።

መስከረም 24

ለቤት ሰላም ስል ስኳር ትቻለሁ። ሻይም ቡናም ያለ ስኳር። በምትኩ ከጌጫ ነጭ ማር አስመጣሁ፤ ጠዋት በሻይ፣ ማታ በማንኪያ። ማር መድኃኒት ነው። ንብ ጫካ ውላ ጫካ የምታድር ፍጥረት፣ ስኳር የት ታውቃለች? ማናልሞሽ ማሩን አየችና ራሷን ነቀነቀች። ስኳር ብበላ ጥፋት፣ ብተው ጥፋት።

ጥማቱ ግን አልለቀቀኝም።

ጥቅምት 2

ዘዴ አገኘሁ! ለጣቴ ጠባሳ ዘዴ አገኘሁለት። አንድ የተፈለፈለ ደረቅ ቡና ወስጄ ጠፍጣፋ ሆዱን ወደ በሩ አዙሬ ክፍተቱ ውስጥ አሳልፈዋለሁ። ከተቀረቀረ ጠቧል፣ ከተንጓለለ ሰፍቷል፣ እየተንሸራተተ ከወረደ ልክ ነው። በዚህ መለኪያ ሁለቱን የፊት በሮች ጨረስኩ። አሕመዲን ቢያይ ቡናው እንኳ ለአባቱ መኪና ሥራ ገባ ብሎ ደስ ይለዋል።

ሀይደር ግን፣ "ጋሼ፣ ጣትህስ?" አለኝ።

"ጣቴ ጡረታ ወጣ።"

ሳቀ። ወዲያው ሳቁን አቆመ። ሲያቆመው ነው የከፋኝ።

ጥቅምት 7

ጉድ ነው። ማናልሞሽ ሱሪዬን ልታጥብ ኪሴን ፈትሻ መለኪያዬን ቡና ብላ ከሚቆላው ጋር ቆላችው። ሌላ ፍሬ መረጥኩና የኋላ ግራውን በር ገጠምኩ። ከሩቅ ሳየው አፉን የከፈተ ይመስላል። አዲሱ ፍሬ ወፍራም ነበር። ሦስት ቀን የለፋሁበትን ፈታሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ አልቸኮልኩም ነበር። ድሮ ጣቴ ቢሆን ይህ አይደርስም።

ለቀማ ስለተጀመረ ሰው ሁሉ ቡና ውስጥ ገብቷል። በር የሚደግፍልኝ የቀን ሠራተኛ እንኳ ጠፋ። የመኪና ማንሻ ክሪክ ላይ ጆንያ አንጥፌ በሩን በሱ ደግፌ ነው የምሠራው።

ጥቅምት 10

አሕመዲን መጣ። መኪናውን ዞረው፣ ጣራውን ዳሰሰ፣ "አባቴ በዚህ መኪና ነው እናቴን ያመጣት፤ ሱሀይላም ከቀኙ የኋላ በር ስትወርድ ማየት ነው የቀረኝ" አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔ ቀልድ አወራሁለት።

ሲወጣ በሩ ላይ ለሀይደር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር ሰማሁት። "አስረስ ምን ሆነ? ከስቶ ከስቶ አለቀ እኮ። ይጨርስልኛል?"

"ይጨርሳል። እጁ ግን..." አለ ሀይደር። የቀረውን ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ዋጠብኝ። እጁ ግን ምን?

ጥቅምት 13

የኋላ ግራው ዛሬ አለቀ። የቀረው የቀኙ የኋላ ነው፤ ሙሽራ የምትወርድበት፣ ሰው ሁሉ ቆሞ የሚያየው።

ግን የላይኛው ማጠፊያ አንድ ብሎን ጎደለ። አናቱ ሾጣጣ የሆነ፣ የጥንቱ ዓይነት፤ ሚዛን ቀርቶ ጅማም አይገኝም። ጠዋት ቆጥሬያቸዋለሁ፣ ነበረ። ጋራዡን ጠረግኩ፣ ጭቃውን በእጄ ፈተሽኩ። የለም።

"አንተ ነህ ያነሳኸው" አልኩት ሀይደርን።

"እኔ የቀለም ሰው ነኝ ጋሼ፤ ብሎን ምን ያደርግልኛል?"

"ያን ጊዜ ለሚኒባሱ ከኔ ብሎን አልወሰድክም?"

"ጠይቄህ ነዋ የወሰድኩት!"

"ዛሬ ሳትጠይቀኝ ወሰድክ።"

የቀለም መርጫውን መሬት ላይ አስቀመጠ። "ሌባ ነው ያልከኝ?" አለ። ብሎኖቹን እንደገና መቁጠር ጀመርኩ። ያ ከስድብ ባሰ። "ሥራ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ስለዚህ አልመልስልህም" ብሎ ኮምፕረሰሩን ባጃጅ ላይ ጭኖ ወደ አማን ሄደ። በሩን እንኳ በኃይል አልዘጋውም።

ማታ። ቡትስ ጫማዬን ማናልሞሽ ስትስብልኝ፣ "ውስጡ ምን ይንጓለላል?" አለች። ገለበጠችው። ብሎኑ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ደም ነክቶታል። ካልሲዬ ተቀዶ ከእግሬ ጋር ተጣብቋል። ከትልቁ ጣት ሥር ብሎኑ የራሱን ቤት ሠርቷል።

"ቀኑን ሙሉ ይህን ረግጠህ ዋልክ?"

"አላመመኝም።"

"እኮ! እኮ አስረስ!" ብላ ጮኸች። ከዚያ እግሬን ይዛ መሬት ላይ ተቀምጣ ቀረች። እኔ ደግሞ ምን ተሰማኝ? ደስ አለኝ። ብሎኑ ተገኘ።

ጥቅምት 16

አማን ሄጄ ሀይደርን አገኘሁት። "ብሎኑ ተገኘ" አልኩት።

"የት?"

"እዚያው መሬት ላይ።"

"ሌላ የምትለኝ የለም?"

ነበረኝ። ከሚዛን ስነሳ አፌ ላይ ነበር። ፊቱን ሳይ "ና እንጂ፣ በሩ ይጠብቃል" ብዬ ተመለስኩ። ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ይቅርታ የምትባል ቃል እንደ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ትቆማለች። ሀይደር ሌባ ቢሆን ኖሮ እንዴት ይቀለኝ ነበር!

ጥቅምት 20

ቁስሉ ላይ ማር አደረግሁበት። ፕላስቲክ ቡትስ ሳደርግ ጭቃ አይገባም። ቁስሉ ምንም አያምም። ማናልሞሽ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ትላለች፤ የቱ ነው የተደበቀው? እሷ አላየችውም እንዴ?

ጥቅምት 26

በሩን ብቻዬን ሰቀልኩ፣ አወረድኩ፣ ሰቀልኩ። ስዘጋው ከታች ይመታል፤ ማጠፊያውን ሳነሳለት ከላይ ይይዛል። የቀለሙን ጠርዝ አንድ ቦታ ላጥኩት። ሀይደር ቢኖር ያስተካክለው ነበር። ብርድ ብርድ ይለኛል።

ኅዳር 1

ሀይደር ተመለሰ! ምንም አላለም። የተላጠውን ቀለም አየ፣ ከንፈሩን መጠጠ፣ ሊያስተካክል ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ አፍንጫውን ያዘ።

"ጋሼ፣ እዚህ መኪና ውስጥ አይጥ ሞቷል።"

"አይጥ?"

"አይሸትህም?"

ይሸተኛል። ከሸተተኝ ሰንብቷል። ሙሽራ በአይጥ ሬሳ ላይ ልትቀመጥ ነው እንዴ ብለን ወንበሮቹን አወጣን፣ ምንጣፉን ገለበጥን፣ የበሮቹን ውስጥ ሽፋን ፈታን። እኔ ራሴ በሆዴ ተኝቼ በባትሪ ከወንበሩ ሥር አየሁ። ሀይደር ካጠገቤ ተንበርክኮ ነበር። አንድ ጊዜ ወደኔ ዞረና ፊቱ ተለወጠ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ተነስቶ ደጅ ወጣ። እስኪመሽ ፈለግሁ። አይጡን አላገኘሁትም።

ኅዳር 3

ሀይደር ጠዋት ባጃጅ ይዞ መጣ። ማናልሞሽ ነጠላዋን ለብሳ ውስጡ ተቀምጣለች። ተማክረዋል። "ግባ" አለኝ። "አይጡ መኪናው ውስጥ አይደለም ጋሼ። ግባ።" በሰው ፊት እንዳይጮኹብኝ ገባሁ።

ሆስፒታል አንዲት ወጣት ሐኪም፣ ዶክተር ቤተልሔም፣ ቡትሴን በመቀስ ቀዳ አወለቀችው። ማናልሞሽ ፊቷን አዞረች። ሐኪሟ አላዞረችም። በመርፌ ጫፍ እግሬን እየወጋች "ይሰማዎታል?" ትላለች። የእጄን ጣቶችም ወጋች። አንዳንዱ ተሰማኝ፤ ባልተሰማኝ ላይ ዋሸሁ።

"አባቴ፣ ስኳርዎ በጣም ከፍ ብሏል። የእግርዎ ሁለት ጣቶች ሞተዋል። ዛሬ ከተኙ እነሱን ብቻ ቆርጠን እግርዎን ለማትረፍ እንሞክራለን። ካዘገዩት ግን ወደ ላይ ይወጣል።"

"ከኅዳር 22 በኋላ እመጣለሁ።"

"ምን አለ ኅዳር 22?"

"ሠርግ።"

"ቁስል እኮ ሠርግ አያውቅም" አለች። ልጄ የምትሆን ናት፣ በቁጣ አይደለም የተናገረችው። እኔ ግን ጣት ብቻ የሚለውን ቃል ስሰማ አባቴ ታየኝ። ተነስቼ ወጣሁ። ሀይደር ተከትሎኝ "በሩን እኔ እገጥመዋለሁ! ልጄን ይንሳኝ እገጥመዋለሁ!" እያለ ሲለምነኝ ሰው ያየን ነበር። ያን በር ከኔ በቀር ማንም አይነካውም አልኩት።

እውነቱን ልጻፍ። ሀይደር ሊገጥመው ይችላል። ምናልባት አሁን ከኔ ይበልጣል። በሩ ሲያልቅ ግን ሌላ ምክንያት የለኝም። ፈርቻለሁ።

ኅዳር 6

ማናልሞሽ ጫማዎቼን ሁሉ ደበቀችብኝ። በሷ ነጠላ ጫማ ሄድኩ። ጎረቤት ሳቀ። ሐኪሟ ያዘዘችውን ክኒን እውጣለሁ፤ ማሩንም ትቻለሁ። እሱም ስኳር ነው አለችኝ። ይህን ማን ያውቅ ነበር?

ኅዳር 11

በሩ ከታች አሁንም ይመታል። ሀይደር ይደግፍልኛል፣ እኔ አጠብቃለሁ። ብዙ አንነጋገርም። አንድ ጊዜ ግን ብሎኑን ሳስገባ ከእጄ ወደቀ። ሀይደር አንስቶ ሰጠኝና "የት ነበር ያገኘኸው? እውነቱን" አለኝ።

"ጫማዬ ውስጥ።"

እግሬን አየ። "ያን ቀን ብትነግረኝ እኮ ያን ቀን ነበር የምወስድህ" አለ። ይቅርታ አልኩት። ወጣች በመጨረሻ። አስቀየምኩህም አልኩት። እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገና ሌላውን ብሎን አቀበለኝ።

ኅዳር 14

አለቀ። ማጠፊያውን በስስ ቆርቆሮ ከውስጥ ደገፍነው፤ በሩ ቤቱን አገኘ። የዘጋሁት በአንድ ጣት ገፋ አድርጌ ነው። ድፍ አለ፤ እንደ አዲስ መኪና፣ አንድ ድምፅ ብቻ። ቡናው ከላይ እስከ ታች ሳይቆም ወረደ። ሀይደር ዓይኑን ጨፍኖ ክፍተቱን በጣቱ ዳሰሰው። "እንደዚህ ያለ በር ገጥመህ አታውቅም" አለኝ። ከዚህ ሥራ ስወጣ ሰው በዚህ በር ያስታውሰኝ። በጣም ደስ ብሎኛል፣ ልዋሽ ብል እንኳ አልችልም።

"በል ተነስ፣ አሁኑኑ ሆስፒታል" አለኝ።

"ነገ ጾም ይገባል፤ ዛሬ ከማናልሞሽ ጋር ልብላ። ነገ።"

ኅዳር 16

ነገ።

ኅዳር 17

ጉልበቴ ድረስ ቀልቷል ትላለች ማናልሞሽ። ብርዱ ያንቀጠቅጠኛል። እጄ መጻፍ

ኅዳር 21

ሆስፒታል ነኝ። ትናንት ቆረጡት። ከጉልበት በታች። ሀይደር በጀርባው አዝሎ አመጣኝ አሉኝ፤ እኔ አላስታውስም። ዶክተር ቤተልሔም "ነግሬዎት ነበር" አላለችም። እግዜር ይስጣት።

ኅዳር 22

እሑድ። ከሰዓት ክላክስ ሰማሁ፤ ብዙ መኪና ተከታትሎ። በመስኮቱ ዛፍ እንጂ መንገድ አይታይም። አሁን ቆመ። አሁን ሰው ከበበው። አሁን በሩን ከፈቱላት፣ ቀሚሷን ሰብስባ ወረደች፤ በአንድ ጣት ዘጉት። አሕመዲን አለቀሰ ይሆናል። ማናልሞሽ "ምን ያስቅሃል?" አለችኝ።

ኅዳር 25

የሌለው እግሬ ያመኛል። ጣቱ ሥር፣ ልክ ብሎኑ የነበረበት ቦታ፣ ያቃጥለኛል። እያለ አንድም ቀን አላመመኝም ነበር።

አሕመዲን መጥቶ አጠገቤ ቁጭ ብሎ እጄን ይዞኝ ቆይቶ ሄደ። አላወቅኩም ነበር ብሎ ለሀይደር ነግሮታል። ደብቄው ነው፣ የሱ ጥፋት አይደለም። ይህን በሚቀጥለው ጊዜ እነግረዋለሁ።

ታኅሣሥ 1

ሱሀይላ ከባሏ ጋር ልትጠይቀኝ መጣች። ሂና የተቀባ እጇ ውስጥ ብርቱካን በከረጢት ይዛለች። ለስኳር በሽታ ይሆናል ወይ ብላ ጠይቃ እንደገዛች ነገረችኝ። ብርድ ልብሱ ሥር እግሬ የጎደለበትን ቦታ ላለማየት ፊቴን ፊቴን ታያለች። ማናልሞሽ አልጋው ግርጌ ቆማ ልብሴን ታጥፋለች።

"ጋሽ አስረስ፣ መኪናው እንዴት እንዳማረ ቢያዩት! ሰው ሙሽራዋን ትቶ መኪናውን ነበር ፎቶ የሚያነሳው። አባዬ ሲነዳው አያቴን መሰለ አሉ።"

"በሩስ?" አልኳት። "ስትወርጂ አልከበደሽም?"

"የቱ በር?"

"የቀኙ የኋላ።"

ባሏን አየችው። "በሱ አልወረድኩም" አለች። "ድንኳኑ የተተከለው በግራ በኩል ስለነበር በዚያ ነው የወረድነው። በቀኝ በኩል የአክስቴ የሐፍሳ ሻንጣ ነበር፤ እሱንም በግራ በር ነው ያስገባነው።"

"ከዚያስ በኋላ?"

"ኧረ ማንም አልነካውም!" አለች ደስ እንዲለኝ ብላ። "አባዬም እንዲነካ አልፈቀደም። እንደገጠሙት ነው ያለው፣ አንዴም አልተከፈተም።"

"ደግ አደረጋችሁ" አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? ከልቧ ፈገግ አለችልኝ። ቆንጆ ልጅ ናት፣ ጥፋት የለባትም። መርቄ ሸኘኋቸው።

ማናልሞሽ ሁሉንም ሰምታለች። የያዘችውን ሸሚዝ አጥፋ ጨረሰች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ አንድ ብርቱካን ልጣ ግማሹን ሰጠችኝ። አሁን ትናገረኛለች ብዬ ጠበቅኩ። የዓመቱን ሁሉ፣ የአባቴን፣ የጫማውን፣ ነገ ነገ ማለቴን ሁሉ ታወጣብኛለች ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ። አልተናገረችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።